አሸንዳና ቧንቧ ሌሊት ሌሊት እየተፈታ ነው፤ እንዴት እንከላከል?

የሆጤዋ | ሐምሌ 11

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው፤ እናቴ ቤት። ቤታችን የድሮ ነው። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። መብራትም አልነበረም። ጠዋት በር ስከፍት ከአሸንዳው ወደ መሬት የሚወርዱት ሁለቱም ቱቦዎች የሉም። የጓሮው ቧንቧም ተፈትቶ ተወስዷል። ውሃው ሲፈስ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል።

ማናችንም አልሰማንም። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ሲበረታ አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው እንኳ አይሰማህም። ሌባው ሌሊቱን መርጦ ነው የመጣው።

የሚያንገበግበኝ የዕቃው ዋጋ አይደለም። ጣሪያችን 80 ካሬ ሜትር ግድም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 80 ሊትር ውሃ ይሰበስባል ማለት ነው። በአንድ ሌሊት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,400 ሊትር ነው። ቱቦው ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ በሁለት ጥግ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሁኑኑ ልስኑ መርገፍ ጀምሯል። የጭቃ ቤት ከሥሩ ከራሰ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እናቴ ሌሊት እየተነሳች ባልዲ ትደቅናለች።

አዲስ ቱቦ ማሠራት እችላለሁ። ግን ነገ ተመልሰው ቢወስዱትስ? ያጋጠማችሁና መላ ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


የሸዋ በር ልጅ | ሐምሌ 11

አብሽሪ እህቴ። እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው። ከኛ ግቢ የውሃ ቆጣሪው ሳጥን ክዳን ሄዷል። ከጎረቤት ደግሞ የትንሿ በር መዝጊያ እንዳለ ከማጠፊያው ወጥቶ ተወስዷል። መዝጊያው ትልቅ ብረት ነው፤ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው።

እውነቱን ልናገር። ከሌላ ቦታ የመጡ ልጆች ከበዙ ወዲህ ነው ይሄ ነገር የባሰው። ቀን ማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ይዞራሉ፣ ማታ የት እንደሚያድሩ አይታወቅም።


የቅሬ ጸሐፊ | ሐምሌ 11

ተው ልጄ፣ ይህን ቃል አታውጣ። የተፈናቀለ ሰው ሁሉ ሌባ ከተባለ እኛም በ2014 ቤታችንን ጥለን የወጣን ጊዜ በየሄድንበት ሌባ ልንባል ነበር። ያኔ አስጠግቶ ያበላን ሰው አለ።

እኔ በሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው፣ ብዙ ዓመት ጽፌያለሁ። ባለፈው ዓመት የቅሬው ዕቃ ቤት በር ተፈትቶ ነበር። ሲጣራ ማን ተገኘ? እዚያው ያደገ ልጅ። አባቱ ከእኛ ጋር ቀብር የሚቆም ሰው ነው። ስለዚህ ፊት አይታችሁ አትፍረዱ።

የሆጤዋ፣ እናትሽን በርቺ በያት። ቱቦው እስኪሠራ ድረስ ጥጉ ላይ ያረጀ ቆርቆሮ አጋድመሽ ውሃውን ከግድግዳው አርቂው። አንድ ሜትር ቢርቅ እንኳ ግድግዳውን ያተርፈዋል። ይህ ዛሬውኑ ይደረግ።


በያጁ ከኮምቦልቻ | ሐምሌ 12

ሰላም ጤና ይስጥልን። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ በርና መስኮት፣ አሸንዳም እንሠራለን። ይህን ችግር በየሳምንቱ ነው የምሰማው። ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ቱቦው ለምን በቀላሉ እንደተወሰደ ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው ቱቦውን በቀጭን ሽቦ ወይም በሁለት ሚስማር ነው የሚያሳስረው። ፒንሳ ያለው ልጅ በሁለት ደቂቃ ይፈታዋል። ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሌባ ጠላቱ ጊዜ ነው። ሁለት ደቂቃ የሚፈጀውን ሃያ ደቂቃ ካደረግሽበት ትቶት ይሄዳል።

ማቀፊያውን ከጠፍጣፋ ብረት አሠሪው፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። በየ1 ሜትሩ አንድ። ሁለቱ ግማሾች በብሎንና በዳዶ ይጠብቁ። ከጠበቁ በኋላ ዳዶው ከብሎኑ ጋር በአንድ ነጥብ ይበየድ። ከዚያ ቁልፍም ካቻቪቴም አይፈታውም። ቱቦው ራሱ ከማቀፊያው ጋር በሪቬት ይያዝ። ሪቬት ለማውጣት መሰርሰሪያ ይፈልጋል። መሰርሰሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራት ይፈልጋል፣ ድምፅም አለው።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ «ቱቦውን ራሱን በይድልኝ» ይለኛል። አይሆንም። የአሸንዳ ላሜራ 28 ጌጅ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ኤሌክትሮዱ ይበሳዋል። ዚንኩም ይቃጠላል፤ የተቃጠለበት ቦታ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ጭሱ ደግሞ ለበያጁ ትኩሳት ያመጣል። እኔ ልጅ ሆኜ ሳላውቅ ስተነፍሰው አድሬ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አድሯል። ስለዚህ የሚበየደው ብሎኑና ማቀፊያው ብቻ ነው። በኋላ ፀረ ዝገት ይቀባ።

የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ፊሸር፣ ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ቡሽ፣ አይዝም። ማቀፊያው ከእንጨት ምሰሶው ጋር ነው መያያዝ ያለበት። ምሰሶው የት እንዳለ ግድግዳውን እያንኳኳሽ ድምፁን ስሚ።

ለሸዋ በሩ ልጅ፦ የተወሰደው መዝጊያ ወደ ላይ ሲነሳ ከማጠፊያው የሚወጣ ዓይነት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መዝጊያው ከተገጠመ በኋላ ከላይኛው ማጠፊያ በላይ ትንሽ ብረት ትበየዳለች። ከዚያ መዝጊያው ወደ ላይ አይነሳም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በያጅ ሲያስረክባችሁ ይህን ጠይቁት።


ሐይቅ ዳር | ሐምሌ 12

ለምን በፕላስቲክ ቱቦ አትተኪውም? ፒቪሲ ማንም አይሰርቅም፤ በኪሎ የሚገዛው የለም።


በያጁ ከኮምቦልቻ | ሐምሌ 12

ትክክል ነህ፤ ሥራ የሚያሳጣኝ ቢሆንም እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር አለ። ፒቪሲ ፀሐይ ሲመታው እየደረቀ ይሰበራል፤ ደሴ ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ቀለም ከተቀባ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ልጆች ኳስ ሲመቱበት ይሰነጠቃል። እኔ የምመክረው መቀላቀል ነው። እጅ የሚደርስበት የታችኛው ሁለት ሜትር ተኩል ፒቪሲ ይሁን፣ ዙሪያው በብሎኬት ወይም በድንጋይ ይገንባ። ላይኛው ላሜራ ይሁን።


የሐይቅ ጀማዓ | ሐምሌ 13

አሰላሙ ዓለይኩም። የኛን ልናገር። ከመስጊዳችን የዉዱእ ቧንቧዎች በአንድ ሌሊት ስምንቱም ተፈቱ። የነሐስ ነበሩ። የሰጡን አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችላቸው ብር ነው የገዙት። ሱብሒ ላይ ሰው ሲመጣ ታንከሩ ባዶ ነው። ውሃው አልቆ ሽማግሌዎቹ በተየሙም፣ በውሃ ፈንታ በአፈር ታጥበው፣ ሰገዱ። ያ ጠዋት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ምን አደረግን? አንደኛ፣ የታንከሩን ዋና መዝጊያ ወደ ሙአዚኑ ክፍል አስገባነው። ከዒሻ በኋላ ይዘጋል፣ ለሱብሒ ይከፈታል። ቧንቧ ቢሰረቅ እንኳ ውሃው አይባክንም። ሁለተኛ፣ ቧንቧዎቹን በፕላስቲክ ቀየርን። ሦስተኛ፣ ሁለት የነሐስ ቧንቧ ለእናትየዋ ክብር ብለን መልሰን ገጠምን፤ እነዚያን ግን ግንበኛው አካላቸውን በሲሚንቶ ውስጥ ቀበራቸው። ቧንቧ የሚወጣው ሲዞር ነው፤ ዙሪያው ግንብ ከሆነ መዞሪያ የለውም። ጎማው ከላይ ስለሚቀየር ለጥገና አያስቸግርም።

እስካሁን አልተነኩም፣ አልሐምዱሊላህ።


የሆጤዋ | ሐምሌ 13

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። የጓሮውን ቧንቧ እንዲሁ ነው የማሠራው። በያጁም እግዜር ይስጥልኝ፤ የማጠፊያውን ነገር ስሰማ ሄጄ የኛን በር አነሳሁት። እውነትም ተነሳ። አሥር ዓመት እንዲሁ ነበር ያደርነው።


መምህር ወልድያ | ሐምሌ 14

ልጨምር። እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት የተወሰደው ሽቦ ነው። ከሕንፃው ጥግ ወደ መሬት የሚገባው የመዳብ ሽቦ፣ የምድር ሽቦ የሚባለው፣ ከመሬት በላይ ያለው በሙሉ ተቆርጧል። ማንም አላስተዋለም፤ መብራቱ ይሠራል፣ ኮምፒውተሩ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ የኮምፒውተር ክፍል ልጆች «የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ስንነካው ይነዝረናል» አሉ። እኛ ልጆች ናቸው ብለን ተውናቸው። አንድ ቀን እኔው ነክቼ ደነገጥኩ።

ለልጆቹ ጆሮ ባለመስጠቴ እስካሁን ይጸጽተኛል። እባካችሁ የሚያውቅ ካለ ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለሌሎችም ይንገር።


የመስመር ሠራተኛ ነበርኩ | ሐምሌ 14

መምህር፣ ፈጣሪ ነው ያተረፋችሁ።

የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ማጣሪያ አለ። ከእሱ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያልፋል። የምድር ሽቦ ካለ ያች ትንሽ ነገር ወደ መሬት ትሄዳለች፤ ማንም አይሰማውም። ሽቦው ከተቆረጠ ሳጥኑ ላይ ትቀራለች፣ የነካውን ትነዝራለች። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይገድልም።

የሚገድለው ሌላው ነው። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ሳጥኑን ቢነካ፣ የምድር ሽቦ ካለ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ይሮጣል፤ ማጥፊያው ያኔ ይቆርጣል። የምድር ሽቦ ከሌለ ግን ማጥፊያው ምንም አያውቅም። ሳጥኑ 220 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ልጅ ሲነካው መንገዱ ልጁ ይሆናል። ፍሪጅም፣ ምጣድም፣ የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በየግቢያችሁ ሄዳችሁ ያንን ሽቦ እዩት። ከግድግዳው ወርዶ መሬት ገብቷል? ከተቆረጠ ዛሬውኑ ባለሙያ ጥሩ። ሲቀጠልም በመሣሪያ ይለካ፤ መጠምዘዝ ብቻውን አይበቃም። በተጨማሪም ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ አርሲዲ የሚባለው፣ ቦርዱ ውስጥ ይግባ። የምድር ሽቦ ቢሰረቅ እንኳ እሱ ሰው ያተርፋል።

እንዳይሰረቅ ደግሞ ከመሬት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ድረስ በወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ የቱቦው እግር በኮንክሪት ይቀበር። ወይም ያ ክፍል በዚንክ በተለበጠ ጠፍጣፋ ብረት ይሠራ። ሌባ መዳቡን ነው የሚፈልገው፤ ብረት ካየ ያልፋል። የመብረቅ መከላከያ ሽቦም እንደዚሁ ይጠበቅ። እሱ ተቆርጦ ካያችሁ ደመና ባለበት ቀን አትጠጉት።


ውራጅ ብረት ስነግድ | ሐምሌ 15

ሁለት ቀን ሙሉ ስታወሩ አነበብኩ። ልጻፍ አልጻፍ ስል ቆይቼ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ብረታ ብረት ገዝቻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። ከሌላው ወገን ሆኜ ያየሁትን ብናገር ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ቆራሌው የሚባሉት ልጆች አብዛኞቹ ንጹሕ ናቸው። ፀሐይ ላይ ሲዞሩ ውለው ያረጀ ድስት፣ የተሰበረ ወንበር፣ የቆርቆሮ ጣሳ ይሰበስባሉ። ለኛ ያመጣሉ። እኛ ለይተን እናጠራቅማለን፣ ትልቁ ነጋዴ በመኪና ይጭናል፣ ብረቱ ቀልጦ ፌሮ ይሆናል። ይህ ሥራ የሚያስከብር ሥራ ነው፤ ከተማውንም ያጸዳል።

ዋጋው የሚወጣው መዳብ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ነሐስ፣ ከዚያ አሉሚኒየም። ብረት ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ስስ ላሜራ ደግሞ ከብረትም ወገን የሚናቅ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ አይመዝንም። የሆጤዋ እህቴ፣ ያንቺ ሁለት ቱቦ ለሌባው የአንድ ምሳ ዋጋ ቢያስገኝለት ነው። የወሰደው ዋጋ ስላለው አይደለም። ስለሚፈታና የሚገዛው ስላለ ብቻ ነው።

የተሰረቀ ዕቃ ያስታውቃል። አሸንዳ በእግር ተረግጦ፣ ተጣጥፎ፣ ግን ዚንኩ እያበራ ሲመጣ፤ ያረጀ አሸንዳ አያበራም። መዳብ ተቃጥሎ ጠቁሮ ሲመጣ፤ ፕላስቲኩን ለማውጣት ነው ያቃጠሉት። ቧንቧ ጎማው ገና እርጥብ ሆኖ ሲመጣ። ገዢው ያያል። እኔም አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ እያየሁ ገዝቻለሁ። ሦስተኛው ጊዜ የመጣልኝ የቆጣሪ አካል ነበር፤ ቁጥሩ ተፍቆ። ልጁ ቢበዛ 13 ዓመቱ ነው። ስሙን ጠየቅሁት፣ ጥሎት ሮጠ። ከዚያ በኋላ እጄ አልሄደም፣ ተውኩት። ያን ቆጣሪ ለውሃ ቢሮው ወስጄ ሰጥቻለሁ።

ምክሬ ይሄ ነው። ዕቃችሁን ምልክት አድርጉበት። በቡሊኖ፣ ብረት ላይ ምልክት በሚመታው ሹል ብረት፣ ሦስት ፊደል ምቱበት፤ አንዱን በሚታይ ቦታ፣ አንዱን ከኋላ። ወይም ቱቦውን በውስጥም በውጭም ሌላ ቤት በሌለ ቀለም ቀቡት። ደማቅ ቢጫ የተቀባ አሸንዳ ተጣጥፎም ያስታውቃል። የሚገዛ ሰው ይፈራዋል። ከዚያ በየሰፈራችሁ ያሉትን ገዢዎች ሄዳችሁ በሰላም አነጋግሯቸው። «ይህ ቀለም ከመጣ የኛ ነው» በሏቸው። ብዙዎቹ መሸማቀቅ አይፈልጉም፤ የሚያውቃቸው ሰው ፊት ለፊት ከነገራቸው አይገዙም።


የሕግ ተማሪ | ሐምሌ 15

ወንድሜ፣ ይህን መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው።

በሕጉ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ ነው። ከባድ ስርቆት 669 ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የሚገዛ ደግሞ በአንቀጽ 682፣ መሸሸግ በሚለው፣ ይጠየቃል። ስለዚህ «እኔ አልሰረቅሁም፣ ገዛሁ እንጂ» ማለት ብቻውን አያድንም።

ለማስረጃ ዕቃው ሳይሰረቅ ፎቶ አንሱት፤ ምልክቱ በደንብ ይታይ። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ከተሰረቀ ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትንቁ ለፖሊስ አመልክቱ። የያዛችሁትን ሰው ግን አትምቱት። በድንጋይና በዱላ የጠፋ ሕይወት አሸንዳ አይመልሰውም፤ እናንተም ተከሳሽ ትሆናላችሁ።


ወሎዬ ከሊድስ | ሐምሌ 16

እዚህ እንግሊዝ አገር የብዙ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ እርሳስ በሚባለው ማዕድን የተሸፈነ ነው። ሌቦች ሌሊት ገፍፈው ይሸጡት ነበር፤ ዝናብ እየገባ ስንት ዘመን የቆየ እንጨት በሰበሰ። በ2013 በነሱ አቆጣጠር ሕግ አወጡ። ጥራጊ ብረት የሚገዛ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሻጩን መታወቂያ አይቶ ይመዘግባል፤ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ተከልክሏል። ገንዘቡ በባንክ ስለሚያልፍ ማን እንደሸጠ ይታወቃል።

ሌላው፣ ቱቦ ተወጥቶ ጣሪያ እንዳይደረስ ከሁለት ሜትር በላይ የማይደርቅ ቀለም ይቀቡበታል። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው እጁና ልብሱ ይበላሻል። እዚያ መገኘቱን እንጃ።


የቅሬ ጸሐፊ | ሐምሌ 16

ቀለሙ ባይገኝ ቀጋ አለን። ከጥጉ ሥር ሁለት ሦስት እግር ቀጋ ቢተከል በጨለማ የሚጠጋው የለም። ግድግዳው ላይ ግን አይለጠፍ፤ እርጥበት ይይዛል።

የመመዝገቡን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። የእሁዱ የቅሬ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ድሮ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ያየውን ይናገር ነበር። አሁን ሰው አይቶ ዝም ይላል፤ ጠብ እንዳይመጣበት ይፈራል። ገዢዎቹን እንጠራቸዋለን፤ ልንከሳቸው አይደለም፣ ልናስረዳቸው ነው። እነሱም የቅሬው ልጆች ናቸው።


የሸዋ በር ልጅ | ሐምሌ 17

መጀመሪያ ስለጻፍኩት ይቅርታ። ጋሼ ልክ ነበሩ። ትናንት ማዳበሪያ ጆንያ ይዞ የሚያልፈውን አንዱን ልጅ ጠርቼ አናገርኩት። እናቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። «ሰው ሲያየኝ በር ይዘጋል» አለኝ። አፈርኩ።

ማጠፊያውን አሠርቻለሁ። ለቆጣሪው ሳጥን አዲስ ክዳን ላስበይድ ስል በያጁ ራሱ «መጀመሪያ የውሃ ቢሮውን ጠይቅ፣ ቆጣሪ አንባቢው ማየት አለበት» አለኝ። መስኮት የተውለት ሆኖ በቁልፍ የሚዘጋ ተሠራ።


የሆጤዋ | መስከረም 3

እንኳን አደረሳችሁ። ምን እንደደረስኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቱቦው ተሠራ። ታችኛው ፒቪሲ ነው፣ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቷል። ላይኛው ላሜራ ነው፤ በወፍራም ማቀፊያና በሪቬት ተይዟል። ብርቱካናማ ቀባሁት፤ በውስጡም ጭምር። እናቴ መጀመሪያ «ቤቴን ሻይ ቤት አስመሰልሽው» አለች። አሁን ለምዳዋለች። የጓሮው ቧንቧ ግንብ ውስጥ ነው።

የኛ ሰፈር ቅሬም ገዢዎቹን ጠርቶ አነጋግሯል። ሦስት ናቸው። ሁለቱ መጡ። አንደኛው ደብተር ከፍቷል፤ የሚሸጥለትን ሰው ስም ይጽፋል። ሦስተኛው አልመጣም፤ ሽማግሌ ተልኮበታል።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ሰው መጥቶ ነበር። ጠዋት ሳይ የላይኛው ማቀፊያ ጎብጧል፣ ብሎኑ ላይ የፒንሳ ጭረት አለ። ቱቦው እንዳለ ነው። ያን ዕለት ዝናቡ ሲወርድ ነው ያደረው፤ እናቴ ሳትነቃ አደረች።

ግድግዳው ደርቋል። ልስኑን ከመስቀል በኋላ እናስጠግነዋለን።

መምህር፣ የትምህርት ቤቱ ሽቦ ተሠራ?


መምህር ወልድያ | መስከረም 4

ተሠርቷል እህቴ። በብረት ቱቦ ውስጥ ገብቷል፣ ተለክቷልም። ትምህርት ሳይጀመር ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ በእጄ ነካኋቸው።